ጭንቅላቷ እንዳይነቃነቅ

ሰው «ታሪክ ከየት ነው የምታመጪው?» ሲለኝ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የኮኮናት ቅባት ሽታ ነው። ከሽታው ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርትመንታችን ሳሎን፣ ሶፋው ጫፍ ላይ የተቀመጠችው እናቴ፣ በጉልበቶቿ መሃል ደግሞ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ የምታለቅስ አንዲት ትንሽ ልጅ ተከታትለው ይመጣሉ።

እማዬ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሆቴል ትሠራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ቤታችን ሹሩባ ቤት ነበር። በዙሪያችን ካሉት ከአሌክሳንድሪያ፣ ከበልትስቪል፣ ከፔትዎርዝ ሳይቀር እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። እዚህ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፣ ሹሩባ ሲሠሩ መነቃነቅ የለም። ጭንቅላት ከዞረ መስመሩ ይጣመማል፤ ከተጣመመ ተፈትቶ እንደገና ነው። ሌላ ቤት ልጆቹን ዝም የሚያሰኛቸው ስልክ ነበር። እማዬ ግን ስልክ አትፈቅድም፤ ስልክ የያዘ ልጅ አንገቱን ይደፋላ! ስለዚህ ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ተረት አወራለሁ፣ እነሱም እኔን ሲያዩ አንገታቸው ቀና ይላል። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ያኔ እንደ ቅጣት ነበር የማየው።

አንድ ቅዳሜ እትዬ ሰናይት ከአሌክሳንድሪያ የአምስት ዓመት ልጃቸውን ኤልዳናን እየጎተቱ መጡ። ኤልዳና በማግስቱ አክስቷ ስታገባ ከፊት ከፊት እየሄደች አበባ የምትበትነው እሷ ናት። የሹራቧን ኮፍያ ሲገልጡት ግን ሳቄን አፍኜ ያዝኩት። ግማሹ ጭንቅላቷ ተሠርቷል፤ ግማሹ ብትን ብሎ ቆሟል።

«ሮማንዬ፣ የቀረሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ» አሉ ለእማዬ። «ሁለት ቤት ወስጃት ከመሃል ተነስታ ሮጠች። ነገ እንዲህ ሆና ብትቀርብ ሙሽራዋ እኔን ነው የምትገድለኝ!»

«አይዞሽ፣ ሶሊ አለችልሽ» አለች እማዬ። ሶሊ እኔ ነኝ።

በቤተ መንግሥት ጀመርኩ። በሩቅ አገር አንዲት ልዕልት ነበረች ስል ኤልዳና «ኖ! አይ ኖው ዚስ ዋን!» ብላ ዞረች። መስመሩ ተጣመመ፤ እማዬ ፈታችው። እሳት የሚተፋ ዘንዶ አመጣሁ፤ ዘንዶውንም ታውቀዋለች። እንደገና ተፈታ። እትዬ ሰናይት የማታ ሥራ ስላላቸው ሰዓታቸውን እያዩ ከንፈራቸውን ይነክሳሉ። ኤልዳና ልትነሳ መዳፏን ምንጣፉ ላይ ስትደግፍ የማውቀው ተረት በሙሉ አልቆብኝ ነበር። ከዚህ ቤት ሮጣ ከወጣች ሌላ ቤት የለም።

እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ «ኤሊቬተራችን አራተኛ ፎቅ ላይ ራሱን ሲከፍት አይተሻል?» አልኳት።

ውሸት አልነበረም። ኤሊቬተራችን ማንም ሳይጠራው አራተኛ ፎቅ ላይ ይቆማል፣ በሩን ይከፍታል፣ ትንሽ ይጠብቅና ይዘጋል። ኤልዳናም ስትመጣ አይታው ነበር።

«ማን ጠራው?» አለች። በአማርኛ!

«ማንም። ሰው እየጠበቀ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ከሕንፃችን ለቀምኩት። ኮሪደሩ ላይ ያለውን ያረረ ሽንኩርት ሽታ፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ብቻውን የሚያድረውን የግሮሰሪ ጋሪ፣ በር ላይ ቆመው ከድመታቸው ጋር የሚጨቃጨቁትን ጎረቤታችንን፣ ሁሉንም አስገባኋቸው። ኤሊቬተሩ የሚጠብቃት ልጅ ደግሞ ሹሩባዋ በግማሽ የቀረ፣ ከመሃል ተነስታ የሮጠች ልጅ ናት አልኩ። ኤልዳና እጇን ወደ ፀጉሯ ሰደደች። «እንደኔ?» አለች ቀስ ብላ። ጭንቅላቷ ግን ንቅንቅ አላለም። የእማዬ ጣቶች ሲሮጡ አያለሁ።

በጣም ደስ ስላለኝ ቸኮልኩ። «ከዚያ ልጅቷን አገኛት፣ አለቀ!» ብዬ እጄን አጨበጨብኩ። ኤልዳና ወዲያው ዞረች።

«ሶሊዬ፣ እኔ መች ጨረስኩ?» አለች እማዬ፤ ከኤልዳና ጆሮ ኋላ ገና ያልተነካ ፀጉር ነበር።

«ማለቴ... በሩ ሲከፈት ውስጥ የነበረችው ሌላ ልጅ ናት» አልኩ። ኤልዳና እንደ ፎቶ ቀጥ አለች፣ እስከ መጨረሻው ጉንጉን ድረስ። እማዬ «በቃ፣ ተነሺ» ስትላት አልተነሳችም። እኔን እያየች «ከዛስ?» አለች። እትዬ ሰናይት «ኧረ ተነሽ፣ ከሥራ ልታስባርሪኝ ነው!» እያሉ አቅፈው ይዘዋት ወጡ፤ በሩ ከተዘጋ በኋላም ከኮሪደሩ «ከዛስ?» የሚለው ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

አሁን አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ዘንድሮ አንድ ታሪኬ በትምህርት ቤታችን መጽሔት ላይ ወጣልኝ (አዎ፣ አሁንም እያወጣሁ አየዋለሁ!)፤ ላይብረሪያችንም መጻፍ ለሚፈልጉ ልጆች ምክር እንድሰጥ ጠራኝ። ምን እላለሁ ብዬ ስጨነቅ ሰነበትኩ። በኋላ የነገርኳቸው የሳሎናችንን ነገር ነው። ቤተ መንግሥት ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ፤ መጀመሪያ በሕንፃችሁ ውስጥ የተበላሸውን ነገር እዩ። ለሕዝብ ሁሉ አትጻፉ፤ ለአንዲት ለመነሳት ለተዘጋጀች ልጅ ጻፉ፣ ስትጽፉም አንገቷን እያያችሁ። ከዞረች እሷን አትቆጡ፣ ታሪኩን ቀይሩ። ደስ ስላላችሁ ብቻ ደግሞ አትጨርሱ።

ኤሊቬተራችን ተጠግኗል፤ ካልጠሩት አይቆምም። አራተኛ ፎቅን ዝም ብሎ ሲያልፍ ትንሽ ቅር ይለኛል። ያኔ ቅዳሜ እስኪያልፍልኝ ደቂቃ እቆጥር ነበር፤ አሁን የጻፍኩትን ይዤ ቅዳሜን የምጠብቀው እኔ ነኝ።

ኤልዳና አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቷታል፣ አሁንም ከአሌክሳንድሪያ ትመጣለች። ባለፈው ቅዳሜ በእማዬ ጉልበቶች መሃል ተቀምጣ ወረቀቴን ስዘረጋ እጇን አነሳች። «ቆይ ሶሊ፣ ዛሬ እኔ ልንገርሽ» አለች። ስለ አዲሱ ትምህርት ቤቷ አውቶቡስ ጀመረች፤ ሁልጊዜ ባዶ ስለሚሆን አንድ ወንበር። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ፣ ዞሬ አላየሁትም። ትንፋሽ ልትወስድ ዝም ስትል አፌን የከፈትኩት ሳላስበው ነው።

«ከዛስ?»