የወይዘሮ ዝፋን ቁምሳጥን ቁልፍ

ለወዳጆቻቸውና ለዘመዶቻቸው ሁሉ። እዚህ እስራኤል፣ በርሆቮት ከተማ ለብዙ ዓመታት በመድኃኒት ባለሙያነት ያገለገሉን ወይዘሮ ዝፋን ታመው ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ አርፈዋል። የሰባት ቀኑን ሐዘን፣ ሺቫውን፣ የተቀመጥነው ሻዓራይም ሰፈር፣ እኅታቸው ቤት ነው። እዚያ ሰው ሁሉ ደግነታቸውን ሲያወራ እኔ አንገቴን ደፍቼ ነበር፤ እኚህን ሴት በሌብነት የጠረጠርኩ ሰው ነኝና።

ጥርጣሬ የቆየ አመሌ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ከሁለት ዓመት በፊት እናቴ በአጥንት ካንሰር ስትሰቃይ ሐኪሙ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ብርቱ ማስታገሻ፣ እኛ ማድቤካ የምንለውን፣ አዘዘላት። ልጆቻችን የፖሊስን ዱላ ተቃውመው አደባባይ የወጡበት ሰሞን ስለነበር፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሁሉ ያስደነግጠኝ ነበር።

መድኃኒት ቤት ስደርስ ወይዘሮ ዝፋን ነጭ ጋውናቸውን እንደለበሱ ወረቀቱን አንብበው መለሱልኝ። «ይህ በሕጉ አደገኛ ሳሚም፣ አደንዛዥ ዕፅ፣ ከሚባሉት ነው። መጠኑ በቁጥር ብቻ ነው የተጻፈው፤ በፊደልም መጻፍ አለበት» አሉ።

«እናቴ እያቃሰተች! ለፈረንጅ ቢሆን ይሰጡት ነበር!» ብዬ ጮህኩ።

«ለማንም አልሰጥም፣ ቤሰደር፣ እሺ? ወደ ሐኪሙ ሮጥ ብለህ አስተካክለህ ና፤ እጠብቅሃለሁ።»

የመዝጊያው ሰዓት አልፎም ጠበቁኝ። አንገታቸው ላይ ባንጠለጠሉት ቁልፍ የብረቱን ቁምሳጥን ከፈቱ፣ ጮክ ብለው ቆጥረው ሰጡኝ፣ አስፈረሙኝ። ከዚያ «ያገለገለውን አጥፈህ መልስልኝ» አሉ። ይህቺ አልዋጥ አለችኝ። የራሳቸው ደንብ እንጂ የሕጉ አልነበረምና፣ ወይ እኔን ሻጭ አድርገውኛል፣ ወይ ራሳቸው ይሸጡታል አልኩ። ማታ ለእናቴ አንዱን ለጥፌላት፣ በማግስቱ ይህንኑ ለአለቃቸው ተናገርኩ። ቁምሳጥኑ ተከፈተ፣ መዝገቡ ታየ፤ አንዲትም አልጎደለች። እሳቸው እጃቸውን አጣምረው ቆመው ነበር፤ ቀና ብለውም አላዩኝ።

ቤት ገብቼ «አደገኛ ሳሚም ነው አሉኝ እኮ!» እያልኩ ስበሳጭ እናቴ ሰማች። ሳሚም ለእሷ የጎረቤታችንን ልጅ ወህኒ ያስገባው ነገር ነው። ማድቤካውን ከትከሻዋ ገሽልጣ ጣለችው።

«ሳሚም ለጥፋችሁብኝ ነው? ሳልረክስ ልሙት!»

ሁለት ቀን ሙሉ እያቃሰተች ማንንም አላስጠጋ አለች። ይህን ያመጣው የኔ አፍ ነው። የምይዘው የምጨብጠው ቢጠፋኝ ወደዚያው ወደ ወይዘሮ ዝፋን ተመለስኩ። ይሰድቡኛል ስል ጋውናቸውን አውልቀው ተከተሉኝ። ኦሺዮት፣ የምንኖርበት ሰፈር፣ የቤታችን አሳንሰር ተበላሽቶ፣ አራት ፎቅ በእግራቸው ወጡ።

«እማማ» አሏት እናቴን፣ «ሕጉ ሁለቱንም በአንድ ስም ይጠራል፤ አልዋሽዎትም። የሚለያቸው መንገዳቸው ነው። በሐኪም ወረቀት፣ ከተቆለፈ ቦታ፣ ለታመመ ሰው ከወጣ መድኃኒት ነው። ከዚህ መንገድ ከሸሸ ግን ያው ሳሚም ነው።»

እናቴም የኔው እናት ናትና «ታዲያ ያገለገለውን ምን ልትሆኚበት ትሰበስቢያለሽ?» አለች።

ወይዘሮ ዝፋን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ባገለገለውም ውስጥ መድኃኒት ይቀራል። ድሮ ሌላ ቦታ ስሠራ መድኃኒት ጠፋ ተባለ። መጀመሪያ የተበረበረው የኔ ቦርሳ ነው፤ ከመልኬ የተነሣ። ኋላ መደርደሪያ ላይ ተገኘ። የእርስዎን ቤት ማንም እንዲያ እንዳይበረብረው ብዬ ነው የምቆጥረው።»

እናቴ ልብሷን ከትከሻዋ ገለጥ አደረገች። «በይ ለጥፊ፣ ልጄ» አለች። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እኔ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ። ይቅርታ ብጠይቃቸው «ከጠርጣራ ጥሩ ቆጣሪ ይወጣል» ብለው ሳቁብኝ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ያገለገለውን ሁሉ እያጠፍኩ መለስኩላቸው።

ዘንድሮ ያው ሕመም በእሳቸው መጣ። በሺቫው ሦስተኛ ቀን እኅታቸው አንድ ፖስታ ሰጡኝ። ውስጡ እሳቸው የተጠቀሙባቸው ሰባት የታጠፉ ማድቤካዎችና በራሳቸው እጅ የተጻፈ ዝርዝር አለ። «ለዚያ ልጅ ስጡት፤ እሱ ሰው አያምንም፣ ደህና አድርጎ ይቆጥራል» ብለው ነበር አሉኝ።

እትዬ ዝፋን፣ እንዳዘዙኝ ወደ መድኃኒት ቤቱ ወሰድኩት። በቦታዎ የተተካችው ወጣት «ይህን መመለስ እኮ ግዴታ አይደለም» አለችኝ። ቁጠሪ አልኳት፤ ቆጠረች። አመሌ ነውና እሷንም አላመንኳትም፤ ደግሜ ቆጠርኩ። ሰባት ነው፣ አልጎደለም። ቦርሳዎን የሚበረብር የለም፤ ይረፉ።