የእትዬ ጥሩሸዋ የቆጵሮስ መንገድ

እትዬ ጥሩሸዋ ለክረምት ዕረፍት ሜዲትራንያን ባሕር ላይ ወዳለች ደሴት እንዲሄዱ መመረጣቸውን የሚገልጸው ደብዳቤ መሐል ሜዳ የደረሰው፣ ልጃቸው መሞቱን እኔ በሰማሁ በአራተኛው ቀን ነበር። ጊዜው ግንቦት 1980 ዓ.ም. ነው። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሳምንት ባይገጥሙ ኖሮ የምጽፈው ነገር አይኖረኝም ነበር። ሰው ሞተ፣ መርዶ ተነገረ፣ ተለቀሰ፣ አለቀ። በዚያን ዘመን የብዙ ቤት ታሪክ ይኸው ነው።

እትዬ ጥሩሸዋ ሱፍ ፈታይ ናቸው። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል። ያላቸው አንድ ልጅ መኳንንት ነበር፤ እሱንም በሰባ ስምንት ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱባቸው። እኔ በዕውቀቱ እባላለሁ፤ ያን ጊዜ ጂኦግራፊ አስተማሪና የእትዬ ጥሩሸዋ ጎረቤት ነበርኩ። ፊደል ያስቆጠርኳቸውም እኔ ነኝ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ከኋላ ተቀምጠው እንዝርታቸውን እያሾሩ፣ ደብተር ላይ ካቀረቀሩት ሁሉ ቀድመው ማንበብ ቻሉ። መጻፍ ግን እምቢ አላቸው። "እጄ የለመደው መፍተል ነው፤ አታድክመኝ" ይሉኝ ነበር። ስለዚህ ለመኳንንት ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ መልሱም በእኔ ስም በትምህርት ቤቱ በኩል ይመጣል።

ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሴቶቹ ውሃ ሲቀዱ፣ ገበያ ሲወርዱ፣ ከቅዳሴ ሲወጡ፣ ከእንደምን አደርሽ ቀጥሎ የሚጠይቋቸው አንድ ነገር ነው፤ "መኳንንት ጻፈልሽ ወይ?" እሳቸውም ደብዳቤ ቢመጣም ባይመጣም "ደኅና ነው፣ ይመስገነው" ይላሉ። ጥያቄውም መልሱም ሰላምታ ሆኖ ነበር።

ፈንታም ወደ እኔ የመጣው በዚሁ አድራሻ የተነሣ ነው። ፈንታ የራቤል ከተማ ልጅ ነው፤ ከመኳንንት ጋር በአንድ ቀን ተወስደው በአንድ ጦር ውስጥ ነበሩ። አንድ እግሩን ሰሜን ትቶ በምርኩዝ ሲመለስ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። መኳንንት የሞተው በመጋቢት እንደሆነ ነገረኝ። ጥርጥር እንዳይገባኝ፣ አፈር ያለበሰው በገዛ እጁ መሆኑን ሁለት ጊዜ ደገመልኝ። ሻይ አዘዝኩለት፤ አልጠጣውም። ለመኳንንት እናት እሱ እንዲነግርልኝ እንዳልለምነው ፈርቶ ይመስለኛል፣ የራቤሉ ጭነት መኪና ከመነሣቱ አንድ ሰዓት ቀድሞ ተሰናበተኝ።

እኔ ለሁለት ሰው ነገርኩ። አንዱ የነፍስ አባታቸው አባ ገብረየሱስ ናቸው። ሁለተኛዋ ኮከቤ ናት። ኮከቤ በሱፍ ፈታዮች ማኅበር ከእትዬ ጥሩሸዋ ጎን ተቀምጣ የምትሠራ፣ ነገር በሆዷ የማይውል ሴት ናት። ለእሷ መንገር እሳት መለኮስ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን መርዶ ሲነገር አቅፎ የሚይዝ ሴት ያስፈልጋል። የእትዬ ጥሩሸዋ ወንድም ከዘመሮ ይምጡና እሑድ ማለዳ እንንገራቸው ብለን ተስማማን። ሐሙስ ዕለት ያ ደብዳቤ መጣ።

"በኮከብ አምራችነታቸው" ይላል ደብዳቤው፣ ጓድ ጥሩሸዋ በአንድ ወዳጅ የሴቶች ማኅበር ጋባዥነት ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ሳይፕረስ በተባለች ደሴት የአሥር ቀን የክረምት ዕረፍት ያደርጋሉ። እውነት ለመናገር፣ ያን ያህል ዘመን ሱፍ ሲፈትሉ ማንም አመስግኗቸው አያውቅም ነበር። ምስጋናው ሲመጣ ጊዜውን መረጠ።

በዚያው ማታ አባ ገብረየሱስ ቤት ተሰበሰብን።

"ለቅሶ ከተቀመጡ ስማቸው ይሠረዝና ሌላ ሰው ይተካል" አልኩ።

"መንገድ ላለው ሰው መርዶ አይነገርም" አሉ አባ ገብረየሱስ። "የቆየ ሥርዓት ነው። ይቺ ሴት ከደብረ ብርሃን ወዲያ አልፋ አታውቅም። እስቲ ዓይኗ አንድ ነገር ይይ። ስትመለስ እንነግራታለን፤ እስከዚያው ሆድ ይፍጀው።" ከዚያ ወደ ኮከቤ ዞሩ። "አንቺ፣ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።"

"እኔ ምን አልኩ!" አለች ኮከቤ፤ ማልቀስ ጀምራ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ሦስት ወር ሙሉ የአንዲት እናት የሽርሽር ዝግጅት ተሸካሚዎች ሆንን። ሦስት ወር እንዴት ይደበቃል ለሚል ሰው፣ ይደበቃል። ውሸት እንደ መንዝ ብርድ ነው፤ መጀመሪያ ጣት ይቆረጥማል፣ ሲቆይ ጣት መኖሩም ይረሳል። እኔ በሰኔ ውስጥ ምንም አይሰማኝም ነበር። የሰፈሩም ሰው ጥቂት በጥቂት ሁሉም ሰማ፤ ሁሉም አፉን ያዘ። ኮከቤ ለሌላው ሁሉ ሳትናገር አልቀረችም፤ እትዬ ጥሩሸዋ ፊት ግን አንድ ቃል አላመለጣትም። ይህ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

የዓለም ካርታውን ከትምህርት ቤት አምጥቼ ግድግዳቸው ላይ ሰቀልኩት። ደሴቲቱ የገብስ ፍሬ ታክላለች።

"ይቺ ናት?" አሉ እትዬ ጥሩሸዋ።

"እሷ ናት።"

"ሰው ይገባባታል?"

"ከመንዝ ትሰፋለች እኮ፣ እትዬ። ካርታ ላይ ነው እንዲህ ያነሰችው።"

"ያኔ እዚህ ዶፍ ነው። እዚያስ?"

"እዚያ በጋ ነው። ባሕር ዳር ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።"

"አሥር ቀን?"

"አሥር ቀን።"

"እጄን አጣጥፌ?"

"ዕረፍት ነዋ!"

አሰቡበት። "እንዝርቴን እይዛለሁ" አሉ።

ደስ ያላቸው አይመስሉም፤ የከፋቸውም አይመስሉም። ያን ሰሞን ለሁሉም ነገር "እሺ" ነበር መልሳቸው። የሴቶች ማኅበሯ ሊቀመንበር ስለ አብዮቱ ፍሬ ንግግር ታደርጊያለሽ ብትላቸው፣ እሺ። ሸራ ጫማ ተገዛላቸው፤ እሺ። ፎቶግራፍ አንሺው ፈገግ ይበሉ ሲላቸውም እሺ አሉት፤ ፎቶው ሲመጣ ግን ፊታቸው እንደ ነበረ ነው። ነገሩን ባላገርነት አደረግሁት። የተማረ ሰው ሞኝነት ልክ የለውም።

ቅጹን የሞላሁላቸው እኔ ነኝ። ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ሥራ እያልኩ ወርጄ "በሕይወት ያሉ ልጆች ብዛት" የሚል መስመር ላይ ደረስኩ። እስክሪብቶዬ ቆመ። ቀና ስል እትዬ ጥሩሸዋ እጄን ያዩ ነበር። ጎንበስ ብዬ "አንድ" ብዬ ጻፍኩ።

"ምን አልክ እዚያ ላይ?"

"አንድ።"

"ደግ" አሉ። "ቀለሙ እስኪደርቅ አትጠፈው።"

ሳይፕረስ የሚሏት ቆጵሮስ መሆኗን ለአባ ገብረየሱስ የነገርኳቸው እትዬ ጥሩሸዋ ቤት እያለን ነው። ኮከቤ ለጋባዦቹ በስጦታ የሚሄደውን ባና ጠርዙን ትሰፋለች፤ እትዬ ጥሩሸዋ ይፈትላሉ። ለዚያ ሁሉ ሙቀት የሱፍ ብርድ ልብስ ስጦታ መላኩ ምን ይሉታል ብዬ ቀልጄ የሳቀልኝ አልነበረም። አባ ግን ስሙን ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

"የበርናባስ አገር! እነሱም ለእመቤታችን የሚጾሙ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ፍልሰታን ትሽሪያለሽ ብለሽ አትስጊ። አልዓዛርም እዚያ ነው። ጌታ ከመቃብር ከጠራው በኋላ በዚያች ደሴት ጳጳስ ሆኖ ተሾመ። መቃብሩም እዚያው ነው። ጧፍ ይዘሽ ሂጂና አብሪለት።"

የእትዬ ጥሩሸዋ እንዝርት ቆመ። "መቃብሩ? ከሞት ተነሥቶ የለም ወይ?"

"ተነሥቷል። ኋላ ግን እንደ ሰው ሁሉ አረፈ።"

"ሁለተኛ ሞተ?"

"ሁለተኛ ሞተ።"

"እኅቶቹስ፣ አባቴ? ማርታና ማርያም መርዶ ሁለት ጊዜ ሰሙ?"

አባ ገብረየሱስ በቅኔ ሲሞግቱ መንዝን ያንቀጠቀጡ ሰው ናቸው። ኮከቤ መርፌዋን ባናው ላይ ተክላ ወደ በሩ ዞረች። እኔ የአባን መቋሚያ አያለሁ።

"አልተጻፈም" አሉ በመጨረሻ።

"ምስኪኖች" አሉ እትዬ ጥሩሸዋ፤ እንዝርቱን መልሰው አሾሩት።

ከዚያ ቀን በኋላ ዝግጅቱን አጠበቁት። ጧፉን ራሳቸው ጠመጠሙ፤ አንድ ይበቃል ብንላቸው ሰባት አደረጉት። ባናው አንድ ጥግ ላይ ሳስቷል ብለው አስፈትተው እንደገና አሸመኑት። እኔ በኮሌጅ ጊዜዬ የያዝኩትን ሻንጣ አዋስኳቸው፤ በየሁለት ቀኑ እያወጡ እንደገና ያጥፉበታል። ካርታው ላይ መንገዱን በጣታቸው አስጠናኝ አሉና ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ፣ ከዚያ በአውሮፕላን በረሃውን ሁሉ ተሻግረው እስከ ገብሷ ፍሬ ድረስ ያለ ስሕተት ይሄዱት ጀመር። ሐምሌ እንዲሁ አለቀ። ፓስፖርቱ በነሐሴ መጀመሪያ ደረሰ። የሚጎድል ነገር አልነበረም።

ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ከሰዓት በኋላ፣ በዝናብ ሻንጣውን አንጠልጥለው ቤቴ መጡ። አልጋዬ ጫፍ ላይ አስቀመጡት።

"ሻንጣህን መልሼልሃለሁ።"

"ምነው እትዬ? ነገ አይደለም ወይ መኪናው?"

"አልሄድም።"

ስለ ፓስፖርቱ፣ ስለ ቲኬቱ፣ ስለ ሊቀመንበሯ ማውራት ጀመርኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"በዕውቀቱ" አሉ፣ "ከግንቦት ወዲህ 'መኳንንት ጻፈልሽ ወይ' ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። ገበያ ብወርድ የለም፤ ቤተ ክርስቲያን ብሳለም የለም። ኮከቤ እንኳ፣ ዶሮሽ ስንት ጣለች ብላ የምትጠይቀዋ ኮከቤ አልጠየቀችኝም። አንተም 'ኑ ደብዳቤ እንጻፍለት' አላልከኝም።"

ልባችን እስኪደክም የደበቅነውን ነገር በዚህ አወቁት። አፋችን ይጠበቅ ስንል ሰላምታውን አብረን ዘጋነው። ከሃምሳ ሰው አንዱ እንኳ ይህን አላሰበም። አፈርኩ፤ ያ የደነዘዘው ነገሬ ሁሉ በአንድ ጊዜ መቆርጠም ጀመረ።

"ታዲያ እያወቁ ለምን..." አልኩ።

"መንገድ ላለው ሰው መርዶ አይነገርም። መንገዱ እስካለ ልጄ አለ። ቅጹም ላይ አንድ ብለህ ጽፈህልኛል። ስለዚህ መንገዴን አበጀሁት፣ አበጀሁት፤ አሁን የሚበጅ አልቀረም። ነገ ከሄድኩ መመለስ አለ። ስመለስ አባም፣ ኮከቤም፣ አንተም መኪና ማቆሚያው ላይ ቆማችሁ ትጠብቁኛላችሁ። አሥር ቀን ሙሉ ባሕር ዳር ተቀምጬ እሱን ላስብ? ሥራ እንኳ የለም ብለኸኛል።" እንባ አልነበራቸውም። የዝናቡን ውሃ ከነጠላቸው ጨመቁ። "ነገ ማለዳ ኑ። ወንድሜ ከዘመሮ አይደርስም፤ ግድ የለም። ደግሞ ዝም ብላችሁ አትንገሩኝ። መጀመሪያ ጠይቁኝ።"

ማለዳ በጉም ሄድን። አባ ገብረየሱስ፣ ኮከቤ፣ እኔ፣ የሰፈሩም ሰባት ስምንት ሰው። እትዬ ጥሩሸዋ ለመንገድ የተገዛውን ሸራ ጫማ አድርገው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ካርታው ከግድግዳው ወርዶ ተጠቅልሎ በሩ ጥግ ቆሟል። አባ "ልጄ ጥሩሸዋ" ብለው ሲጀምሩ እትዬ ጥሩሸዋ እጃቸውን አነሡና እኔን አዩኝ።

መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። አልቻልኩም።

ኮከቤ ከኋላዬ ወጣች። መደቡ አጠገብ ቆመች፤ ገበያ መንገድ ላይ እንዳገኘቻቸው ሁሉ፣ በዚያው በለመደችው ድምፅ ጠየቀቻቸው።

"እንደምን አደርሽ ጥሩሸዋ? መኳንንት ጻፈልሽ ወይ?"

"ደኅና ነው፣ ይመስገነው" አሉ።

ከዚያ ወደ አባ ገብረየሱስ ዞሩ። "በሉ፣ አባቴ" አሏቸው፤ አባም ነገሯቸው።