ያልፈረመችው ኦርፋ

ኦርፋ ኮትሪል የምትኖረው ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ከሚጀምርበትም አልፎ፣ ሸለቆው መጨረሻ ላይ ነው። ዕድሜዋን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ ወጥታለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ወደ በሯ የሚመጣ ሰው ቢኖር መንገድ የጠፋው ነው። እና የጋዝ ኩባንያው ሰው መኪናውን ደጇ ላይ ሲያቆም ከፋት ብላችሁ እንዳታስቡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቅድመ አያቷ ልጆች መሬቱን ሸንሽነው ሲሸጡ፣ ከመሬቱ በታች ያለውን ጋዝ ግን ለራሳቸው አስቀርተው ነበር። እዚያ አገር ሳሩ የአንዱ፣ ከሳሩ ሥር ያለው የሌላው ቢሆን ማንም አይደነቅም። ልጆቹ ወለዱ፣ የልጅ ልጆቹም ተዋለዱና ያ ማንም በዓይኑ ያላየው ጋዝ የአንድ መንጋ ዘመድ የጋራ ንብረት ሆነ። ኩባንያው ሊቆፍር የሁሉንም ፊርማ ይፈልጋል። ፍሎሪዳ ያለው ፈረመ። እስር ቤት ያለው ፈረመ። ከዘመድ አዝማዱ ሁሉ ተኳርፎ ስልክ የማያነሳው እንኳ ለዚህ አነሳና ፈረመ። የቀረችው ኦርፋ ነች።

ፊርማ ለቃሚው ዴንቨር ሃዝልት ይባላል፤ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ሲያወሩት ቶሎ የሚቀላ ሰው።

"ልጄ፣ እያሰብኩበት ነው" አለችው በመጀመሪያው ቀን። "እስከዚያው ግን መሰላሉ ከጋጣው ጀርባ አለልህ። አሸንዳው በቅጠል ተደፍኗል።"

ዴንቨር አሸንዳውን ጠረገ። በሚቀጥለው ሲመጣ አጥሩን አቃና። ከዚያ እንጨት መፍለጥ መጣ። እሷም በምላሹ ባቄላና የበቆሎ ዳቦ ታበላዋለች፤ እሱም እየበላ ስለ እጮኛውና ስለ እጮኛው እናት ብሶቱን ያወጣላታል። የማሰቡ ነገር ክረምት ገብቶ ክረምት ወጣበት።

ሌላው ደጅ ጠኚ የአጎቷ ልጅ ሆባርት ነበር። ሆባርት ጋዙ ሲሸጥ የሚገዛውን የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ቀለሙን ሳይቀር መርጦ ጨርሷል። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይመጣል፤ መጀመሪያ ላይ የፖም ማርማላታ ይዞ፣ በኋላ ላይ ባዶ እጁን።

"በአንቺ ድርቅና ጀልባዬን ሳላያት ልሞት ነው" አላት አንድ እሁድ።

"ኩሬው ዳር ቁጭ ብለህ አጥምድ። ዓሣው ጀልባ ይኑርህ አይኑርህ አይጠይቅህም።"

ለምን እንደማትፈርም ሰው ሲጠይቃት፣ የጉድጓድ ውኃዬ ይበላሻል ብዬ ነው ትላለች። ውሸት አይደለም፤ ያም ያሳስባት ነበር። ነገር ግን ለብቻዋ ስትሆን ሌላውንም ታውቀዋለች፤ የፈረመች ዕለት መንገዱ ጭር ይላል።

መንገዱ ግን ሳትፈርምም ጭር አለ። የግዛቱ ምክር ቤት አዲስ ሕግ አወጣ። ባለድርሻዎቹ ብዙ ከሆኑና ሦስት አራተኛው ድርሻ ከተስማማ፣ የቀረው ቁፋሮውን ማገድ አይችልም ይላል። ይህን ያበሠራት ሆባርት ነው፣ በረንዳው ላይ እንደ ቆመ፣ ፊቱ ፀሐይ መስሎ። ዴንቨር ከዚያ ወዲህ ብቅ አላለም። እንጨቱም ተጋምሶ ቀረ። ኦርፋ ለሁለት ሰው የቀቀለችውን ባቄላ ብቻዋን ስትበላ ሰነበተች። ተናደደች አይባልም። ብቻ ቅር አላት።

ብዙም ሳይቆይ ኩባንያው ባለድርሻዎቹን በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ሰበሰበ። ኦርፋ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ ከፊት ተቀመጠች። ዴንቨር ከረቫት አስሮ፣ አለቃው አጠገብ ቆሟል፤ ሲያያት ቀላ።

"እኔ ከእንግዲህ አላስፈልግም ማለት ነው?" አለች እጇን አውጥታ።

"አያስፈልጉንም፣ ወይዘሮ ኦርፋ። ማለቴ... ፊርማዎ።"

አዳራሹ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

"እሺ። የኔ ድርሻስ ምን ይሆናል?"

ዴንቨር አለቃውን ሰረቅ አድርጎ አየው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ሕጉ ላልፈረመ ሰው ምርጫ እንደሚሰጥ አስረዳ። አንደኛው ምርጫ፣ ከፈራሚዎቹ ሁሉ የተሻለ ውል የያዘው ሰው የሚያገኘውን መቶኛ ያህል መውሰድ ነው። "የማጣሪያና የማጓጓዣ ወጪም አይቀነስብዎትም" ብሎ ጨረሰ።

ከኋላ ሆባርት ኩባንያው ያቀረበውን ኬክ እንደ ጎረሰ ተነሣ። "ቆይ ቆይ። ከኔስ ይቀነሳል?"

"እርስዎ የፈረሙት ውል ላይ... አዎ። ይቀነሳል።"

አንዲት ዘመዳቸው ፊርማ መሰረዝ ይቻል እንደሆነ ጠየቀች፤ አይቻልም ተባለች። ኦርፋ ከንፈሯን ነክሳ ልትቋቋመው ሞከረች፤ ግን ትከሻዋ ቀድሞ አሳበቀባት። ሳቋ ሲያመልጣት አጠገቧ የተቀመጠውንም ያዘ፣ ከዚያም ረድፉን፤ ዴንቨርም አፉን በእጁ ከደነ። ሳይስቁ የቀሩት አለቃውና ሆባርት ብቻ ናቸው።

በማግስቱ ቅዳሜ ዴንቨር በገዛ ጊዜው መጣና የቀረውን እንጨት ፈልጦ ጨረሰ። ስለ ጋዝ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

እሁድ ደግሞ ሆባርት መጣ። በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ የተፈለጠውን እንጨት አየ። በመጨረሻ "አውቀሽ ነው አይደል?" አላት።

"ምኑን አውቄ! እኔ አሸንዳው እስኪጠረግ ብዬ ነው።"

ሆባርት ላለመሳቅ ታገለ፤ አልቻለም።

የጋዙ ጉድጓድ ከኮረብታው ማዶ ተቆፈረ፤ ውኃዋም እንደ ፈራችው አልሆነም። ከሆባርት ድርሻ ግን ወጪው እየተቀነሰ የተረፈው ለጀልባ ሳይሆን ለመቅዘፊያ የሚበቃ ሆነ። በየእሁዱ መጥቶ ሙሾ ሲያወርድ ኦርፋ ሰለቻት።

"እኔ ላይ ከምታላዝን ሕጉን ያወጡት ላይ አላዝን" አለችው።

ምክር ቤቱ እንደ ተከፈተ የቤተ ክርስቲያኑን ሚኒባስ ተዋሰችና ዘመዶቿን ጭና ወደ ግዛቱ ዋና ከተማ ወደ ቻርልስተን ነዳች። ሆባርት ምክር ቤቱ ፊት የሚያሰማውን ንግግር መስተዋት ፊት ሲለማመድ ከርሟል። ተራው ሲደርስ ሰብሳቢውን አመሰገነ፣ አባላቱን አመሰገነ፣ ቅድመ አያቱ ከየት እንደ መጣ ተረከ። "ወደ ዋናው ነገር ስመለስ" ሲል ሰዓትዎ አልቋል ተባለ። ከፈራሚዎች ድርሻ ወጪ መቀነስን ይከለክላል የተባለው ረቂቅ ሕግም በዚያ ዓመት ለድምፅ ሳይቀርብ ቀረ።

ሲመለሱ መንገድ ዳር ሆት ዶግ ሊበሉ ቆሙ። ሆባርት ያልጨረሰውን ንግግር ለአስተናጋጇ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አደረሰላት። ልጅቷም ሳታቋርጠው፣ ዓይን ዓይኑን እያየች ሰማችው።

"ሆት ዶግዎ ላይ ጥቅል ጎመን ይጨመርበት?" አለችው ሲጨርስ።

"ይጨመርበት" አለ ሆባርት፣ ደስ ብሎት። ከዚያ ወደ ኦርፋ ዞሮ "አየሽ? ሰው ጊዜ ከሰጠኝ እኮ ይገባዋል።"

"ለከርሞ ቅድመ አያታችንን ቤት ትተነው እንመጣለን" አለች ኦርፋ፣ ሰናፍጩን ወደ ራሷ እየሳበች።