በግራ በኩል ያሉት ዝሆኖች

ድሬዳዋ ውስጥ ከሰዓት በኋላ የታቀደ ነገር ፀሐይ ስትጠልቅ ይፈርሳል። ይህን የማያውቅ የከተማው ሰው የለም። ሙቀቱ ሲበረታ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰዉ ወደየቤቱ ይገባል፣ የሚቅመው ለበርጫ ይቀመጣል። ምርቃናው ሲመጣ ደግሞ ፎቅ የማይሠራ፣ ፋብሪካ የማይተክል የለም። የእኛው ጀመዓ፣ ማለትም ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን የምንቅመው ሰዎች፣ እስካሁን ሁለት ሆቴልና አንድ የግመል ወተት ፋብሪካ ከፍተናል፤ የደቻቱን ወንዝ አሸዋም ለዓረብ አገር ሸጠናል። ሲመሽ ሁላችንም ጫማችንን ፈልገን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። በማግስቱ «ያ ሆቴል የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነውረኛ ነው። ሕጉ ይኸው ነው፣ ሕጉን ደግሞ አሳምሬ አውቀዋለሁ። ሳላውቅ አጥፍቼ ቢሆን ኖሮ እፍረቱ ይቀለኝ ነበር።

የምንቀመጠው መጋላ ሰፈር፣ ጨርቅ የሚነግድ ጓደኛዬ ቤት ነው። አራት ነን። የቤቱ ባለቤት፣ በሳቢያን መስመር ሚኒባስ የሚነዳ ባልንጀራችን፣ እኔ የጂኦግራፊ መምህሩ፣ አራተኛው ደግሞ የነጋዴው ጎረቤት የሆነ ጡረተኛ። ጋሼ ነው የምንለው። ድሬ ውስጥ ግን ጋሼም ቢሆን «አንተ» ነው የሚባለው፤ ማንም አይቀየምም። ጋሼ ጫት ካቆመ ቆይቷል፣ ጨጓራውን አሞት ሐኪም ከልክሎታል። ለጨዋታው ሲል ብቻ የሻይ ፔርሙሱን ይዞ ይመጣና እንደኛው ትራስ ተደግፎ ይቀመጣል። እኛ ስንመረቅን እሱ ሻዩን ይጠጣል። ከመካከላችን አንድ ያልመረቀነ ሰው እንዳለ ሁልጊዜ እንረሳለን።

ጋሼ በድሮው ባቡር ላይ ቲኬት ተቆጣጣሪ ነበር። ሠላሳ ዓመት ከድሬ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ድሬ። አንድ ቅዳሜ ሾፌሩ፣ «ቲኬት የሌለውን ሰው በምን ታውቀው ነበር?» ብሎ ጠየቀው።

«መስኮት አያይም» አለ። «በመስኮት የሚያየው የከፈለ ሰው ነው። ያልከፈለው በሩን ነው የሚያየው።»

«ከዚያስ? ትደበድበዋለህ?»

«አቦ ተወኝ! ሌሎቹ ፉርጎው በሙሉ እስኪሰማ ይጮሁበት ነበር። እኔ አጠገቡ እቀመጥና ቀስ ብዬ፣ ‹የት ነው የምትወርደው?› እለዋለሁ። ሌላ ቃል አልጨምርም። ሰውን ሰው ፊት ማዋረድ ምን ይሠራል? ይገባዋል፤ የሚቀጥለው ጣቢያ ላይ ራሱ ይወርዳል።»

ከዚያ ሻዩን ቀዳና፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው፣ «እኔ ራሴ ግን በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን መስኮት አጠገብ ተቀምጬ አላውቅም» አለ። «ቆሜ ነው የሄድኩት። ለማየት ብዬ አንድም ቦታ አልሄድኩም።»

ወሬው ወደ ኬንያ የዞረው እዚህ ላይ ነው። ሾፌሩ ከናይሮቢ ሞምባሳ የሚሄድ ባቡር በስልኩ አሳየን። ባቡሩ ዝሆኖች ያሉበትን ፓርክ አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ይኼኔ ወሬውን እኔ ያዝኩት። ማን ያስቁመኝ! እዚያ አገር አፈሩ ቀይ ስለሆነ አቧራ የለበሱት ዝሆኖችም ቀይ እንደሆኑ፣ የሞምባሳ አሮጌው ከተማ በሮች ላይ ያለው የእንጨት ቅርጽ የሐረርን ቤት እንደሚያስታውስ፣ ላሙ የሚባለው ደሴት ላይ ከመኪና ይልቅ አህያ እንደሚበዛ፣ ሩዝ በኮኮናት ወተት እንደሚሠሩ፣ ቋንቋቸው ዓረብኛ ስላለበት መጋላ ያደገ ሰው እንደማይቸገር ዘረዘርኩ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከመጽሐፍና ከስልክ ነው። እኔ ከአገር የወጣሁት በካርታ ላይ ብቻ ነው።

ነጋዴው፣ «ሄደህበታል እንዴ?» አለኝ።

«አንድ ጊዜ» አልኩ። ለምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። አፌ ቀደመኝ።

ጋሼ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ዝሆኖቹ በየት በኩል ናቸው? በግራ ወይስ በቀኝ?»

«በግራ። ከናይሮቢ ስትነሳ በግራ መስኮት ተቀመጥ።»

«አየሃቸው?»

«በዓይኔ በብረቱ!»

ያን ዕለት አራታችንም አብረን እንደምንሄድ ተወሰነ። ትምህርት ሲዘጋ፣ በአዲስ አበባ፣ በሞያሌ፣ በናይሮቢ አድርገን። እስከዚህ ድረስ ከሆቴላችንና ከወተት ፋብሪካችን የተለየ ነገር አልነበረውም። ጋሼ ግን ከኪሱ ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ አወጣ፤ የተቆጣጣሪነት ልማዱ ነው። «ጻፍልኝ» አለኝ። ጻፍኩለት። የመጀመሪያው ቀን የት እንደምናድር፣ የሁለተኛው ቀን ምን እንደምናይ፣ በየትኛው ወገን እንደምንቀመጥ፣ ከታች ደግሞ የስዋሂሊ ቃላት፦ ጃምቦ ሰላምታ፣ አሳንቴ ምስጋና፣ ቴምቦ ዝሆን። ስጨርስ የተማሪ ደብተር ያረምኩ ይመስል ፈረምኩበት። በጀመዓችን ታሪክ የምርቃና ወሬ ተጽፎና ተፈርሞበት አያውቅም ነበር። ያን ያደረገው ይህ ደነዝ እጄ ነው።

ከአንድ ወር በኋላ ጋሼን ትምህርት ቤታችን በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። በላስቲክ የጠቀለለውን ፓስፖርት ፈትቶ አሳየኝ። ፎቶው ላይ ክራቫት አስሯል።

«የናንተስ ደረሰ?» አለኝ።

«በሂደት ላይ ነው» አልኩት።

ከዚያ በኋላ መሸሽ ጀመርኩ። ሳቢያን ባጃጅ መያዣው ጋ ካየሁት ወደ አንዱ ሱቅ ገብቼ የማልፈልገውን ሳሙና እገዛለሁ። ቤቴ ሰባት ሳሙና ተከማቸ። ቅዳሜ ሲሆን ደግሞ እንዳይቀርብኝ እሄዳለሁ፤ እሱም ደብተሩን ይዞ ይመጣል። ቃላቱን እንደ ሕፃን ተማሪ እየደገመ ያሰማኛል፣ «ቴምቦ፣ አይደል?» ይለኛል። «ቴምቦ» እለዋለሁ። ሦስታችን ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም እንሸሻሸጋለን።

በመጨረሻ ሾፌሩ ቀደመን። አንድ ቅዳሜ ገና ሳይመረቅን ተነሥቶ ጋሼ እግር ሥር ቁጢጥ አለ። «ጋሼ፣ ወላሂ የምርቃና ወሬ ነበር። እኔ መሄድ አልችልም። አፉ በለኝ» አለው። ጋሼም፣ «አፉ ብያለሁ» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ከሦስታችን ወንድ እሱ ብቻ ነበር። ነጋዴው ዕቃ ይመጣብኛል አለ። እኔ ምንም አላልኩም።

ዝምታዬን ያፈረሰው ጋሼ ራሱ ነው፤ በሳምንቱ ጠዋት ደወለልኝ። ፈተና እንዳርም ተመድቤያለሁና መሄድ አልችልም አልኩት። አልተመደብኩም ነበር። 

«እሺ፣ ሥራ ነው» አለ። «እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ። ግን የግራው ነገር፣ እርግጠኛ ነህ? ጉልበቴ እንደምታውቀው ነው፤ ከተቀመጥኩ መነሣት ይከብደኛል።»

እዚህ ላይ ማለት የነበረብኝ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ነበር። «ጋሼ፣ አላየሁትም።» በቃ። ከዚያ የፈለገው ወገን ይቀመጣል፣ ሰውን ይጠይቃል፣ ዝሆኑን ያያል። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና፣ «እርግጠኛ ነኝ» አልኩት። የመጀመሪያውን ውሸት ያዋሸኝ ጫቱ ነው ልበል። ሁለተኛውን ግን የዋሸሁት በጠዋት፣ ቁርሴን በልቼ፣ በሙሉ አእምሮዬ ነው። 

የሄደ ዕለት ልሸኘው ጎህ ሲቀድ በባጃጅ ወደ መናኸሪያው ሄድኩ። ጋሼ አውቶቡሱ አጠገብ ቆሟል። የድሮውን የባቡር ኮቱን ለብሷል፣ አዝራሮቹን ወልውሏቸዋል። ሴት ልጁ ኮሌታውን ታስተካክልለታለች። እሱ ደብተሩን ከፍቶ የእኔን ጽሑፍ እያነበበላት ነበር። ከባጃጁ መውረድ አቃተኝ። ባለባጃጁ ዘወር ብሎ፣ «መምህር፣ አትወርድም እንዴ አቦ?» አለኝ። «መልሰኝ» አልኩት።

ጋሼ በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ። ቅዳሜ ፔርሙሱን ይዞ መጣና ለሦስታችንም ጥልፍ ያለው የሞምባሳ ቆብ አደለን። ለእኔም። ቆቡ ልክ ሆነልኝ። ስለ ሞያሌው መንገድ፣ ስለ ናይሮቢ ብርድ፣ ሞምባሳ ውስጥ ከሶላት በኋላ ቤቱ ወስዶ ስላበላው ሽማግሌ አጫወተን። በሮቹ እውነትም የሐረርን ይመስላሉ አለ። እኔ ዓይኔን ምንጣፉ ላይ ተክዬ አንድ ጥያቄ እጠብቃለሁ። ጠያቂው ነጋዴው ሆነ።

«ዝሆኖቹስ ጋሼ? መምህሩ እንዳለው ናቸው?»

ጋሼ ወደኔ አላየም። ሻዩን ቀዳ። «እንዳለው ነው» አለ። «በግራ በኩል ነበሩ። ቀይ ናቸው፣ ሸክላ ነው የሚመስሉት።»

ትንፋሼ ተመለሰልኝ። እዚያ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት! ቆቤን አስተካክዬ፣ «አላልኳችሁም?» አልኩ። ይህንንም ብያለሁ።

ልንለያይ ስንል ጋሼ ስልኩን ሰጠኝ። «በከዚራ ሰፈር ስታልፍ ፎቶዎቹን አሳጥብልኝ፣ ልጄ ግድግዳ ላይ ትሰቅላቸዋለች» አለኝ። ሰኞ ፎቶ ቤት ወሰድኩለት። የፎቶ ቤቱ ሰው ስልኩን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ አንድ በአንድ ያሳየኝ ጀመር። ባሕር፣ በር፣ አህያ፣ ባቡሩ ከውጭ። ዝሆን የለም።

«ቪዲዮም አለው» አለና ከፈተው።

በባቡሩ መስኮት በኩል ቀይ መሬትና ቁጥቋጦ ይሮጣል። የጋሼ ድምፅ ይሰማል። «ጀመዓ፣ ይሄ በግራ በኩል ነው። መምህሩ ያለን ቦታ ደርሰናል፣ አሁን ይመጣሉ።» ትንሽ ቆይቶ ከኋላው ጫጫታ ተነሣ። «ቴምቦ! ቴምቦ!» ይላሉ። ጋሼ ቃሉን አውቆታል፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ስልኩ ወደ ቀኝ ዞረ። ፉርጎው በሙሉ ተነሥቶ የቀኙ መስኮት ላይ ተለጥፏል፣ የሚታየው የሰው ጀርባ ብቻ ነው። አንዲት ሴት ዞራ ና ና እያለች በእጇ ትጠራዋለች። ስልኩ ተንቀጠቀጠ፤ ሊነሣ እየሞከረ ነበር። «ጉልበቴ፣ ጉልበቴ» ይላል። ከዚያ ተወው መሰለኝ፣ ስልኩ ወደ ግራው መስኮት ተመለሰ። «ግድ የለም፣ በዚህም ይመጣሉ። በግራ ነው ያለኝ» አለ። ቁጥቋጦ፣ ቁጥቋጦ፣ ቀይ መሬት። ሰዎቹ እያወሩ ወደ ወንበራቸው ሲመለሱ ይሰማል። በመጨረሻ ጋሼ ቀስ ብሎ ሳቀ። ቪዲዮው እዚያ ላይ አለቀ።

የፎቶ ቤቱ ሰው፣ «ይሄ ምንም የለውም፣ ላጥፋው?» አለኝ።

«እንዳትነካው!» ብዬ ጮኽኩበት። ሰውዬው ደንግጦ እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣ። የምገባበት ጠፋኝ።

ስልኩንና ፎቶዎቹን ይዤ በቀጥታ መጋላ ሄድኩ። ጋሼ ግቢው ውስጥ፣ የኒሟ ዛፍ ጥላ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፎቶዎቹን ሰጠሁት። አንድ በአንድ አያቸው፣ «አሳምሮ አጥቧቸዋል» አለ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ግን የግቢውን በር አየዋለሁ። ሰው ቢመጣ፣ ስልኬ ቢጠራ፣ ተነሥቼ ብሄድ እያልኩ በሩን ብቻ አየዋለሁ።

ጋሼ ፎቶዎቹን ፖስታው ውስጥ መለሳቸው። ልጁ እቤት ውስጥ ነበረችና ዘወር ብሎ አያት፤ እንደማትሰማ አረጋገጠ። ከዚያ ወደኔ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«የት ነው የምትወርደው?» አለኝ።

«እዚሁ» አልኩት።