ማሩ ለዘገየው ልጅ

እኔና ወንድሜ ቦንጋ ሃይስኩል ስንማር የፕላዝማው መምህር ይጠይቅና ሳንተነፍስ ራሱ ይመልስ ነበር። ቅዳሜ መንደራችን ማንኪራ ስንመለስ ደግሞ አያቴ ከቀፏቸው ማር ቆርጠው ይዘው ይጠይቁናል፤ ማሩ ግን ቆይቶ ለመለሰ ነው። ትክክለኛውን መልስ ቀድሜ ስናገር «ምን አስቸኮለህ?» ይሉኛል። ወንድሜ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ይቆይና የኔኑ መልስ ይደግምና ማሬን ይልሳል።

አያቴ ያረፉ ጊዜ ለቀስተኛው «ልጅ ማሳደግ የሚያውቁ ሰው ነበሩ» ሲል ደሜ ፈላ። ምኑን ያውቃሉ! ፈጣን ልጅ ሁሉ የማያስብ የሚመስላቸው ሰው ነበሩ።

በርጩማቸው ባዶውን ነበር፤ ማንም ሊቀመጥበት አልደፈረም። እኔ በንዴት ሄጄ ዘጭ አልኩበት። ከዚያ ቃላቸውን እንደምሰማ ሁሉ ጠበቅሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ጠብቄ አላውቅም። «ምን አስቸኮለህ?» የሚለኝ ሰው ግን የለም።