በእጅ የተጠረገች ከተማ

ያሰሩኝ ቃሊቲ፣ እስር ቤት በሆነ የጥጥ መጋዘን ውስጥ ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ሰው አልነበረም፤ በጣሪያው ቀዳዳ በገባው ብርሃን ውስጥ የሚንሳፈፍ የጥጥ ብናኝ ነው። ወይም ዛሬ እንደዚያ ይመስለኛል።

በክፍላችን ልማድ እስረኛ በየተራው አገሩን ያሳይ ነበር። ከግድግዳው በረገፈ ኖራ ያደገበትን ከተማ ሲሚንቶው ላይ ይሥላል፤ ሌላው ይጠይቀዋል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ እማር ስለነበር አቅጣጫ እንዳሳይ ተመድቤ ነበር።

አንድ ቀን ተራው የአንድ አዛውንት ሾፌር ሆነ። የወሎ ሰው ናቸው፤ በጭነት መኪናቸው ተፈላጊ ሰው አሳልፈዋል ተብለው የታሰሩ። ያደጉት ግን አባታቸው ሥራ ፍለጋ በወረዱበት በደቡብ፣ ጣሊያን ወርቅ ያስቆፍርባት በነበረች ከተማ ነው። ወንዙን ሣሉ፤ ከወንዙ በላይ የወርቁን ጉድጓድ፣ ከበታች መስጊዱንና የሱቆቹን ረድፍ። ወርቁ ሲያልቅ ነጋዴው የሱቁን ቆርቆሮ እየነቀለ ሄደ፤ ከተማዋንም ጫካው መልሶ ወሰዳት አሉን።

«ጋሼ፣ ትንሽ ወርቅ እንኳ ሳይዙ ወጡ?» አለ አንዱ።

«ይዤ ቢሆንማ ካንተ ጋር ቁንጫ እለቅም ነበር?»

ሳቃችንን ሰምቶ አብዮት ጠባቂው ገባ። ሥዕሉን አየ።

«የግቢው ካርታ ነው። ልታመልጡ ነው? ማነው የሣለው?»

ባለፈው ሳምንት በዚሁ ጥርጣሬ የተወሰደው ልጅ አልተመለሰም።

«እኔ ነኝ» አሉ አዛውንቱ። «አገሬ ነው።»

«ይሄ ጉድጓድስ?»

«አባቴ ያሉበት ነው። ተናደባቸው፤ አልወጡም።»

ጠባቂው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። «በእግርህ አጥፋው። አለዚያ ከኔ ጋር ትወጣለህ።»

አዛውንቱ ተንበረከኩ። «በእግር አይሆንም» አሉ፤ ድምፃቸው ልመና አልነበረበትም። በመዳፋቸው ሱቆቹን ጠረጉ፤ ቀጥሎ መስጊዱን፣ ወንዙን። ጉድጓዱ ጋ ሲደርሱ ከንፈራቸው ለጥቂት ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ እሱንም ጠረጉ። ጠባቂው ትእዛዙን አልደገመም፤ በሩን ዘግቶ ሄደ።

የከተማዋ ስም ጠፍቶብኛል። ካርታ ባየሁ ቁጥር እፈልጋታለሁ፤ ወንዙ ከመስጊዱ በስተምሥራቅ ይሁን በስተምዕራብ ግን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ያን ቀን አቅጣጫ ማሳየቴንም አላስታውስም። አንድ ነገር ግን አልጠራጠርም፦ በጎናችን ተጣብበን በምንተኛበት በዚያ ክፍል ውስጥ፣ ጉድጓዱ ተሥሎበት የነበረውን ሲሚንቶ እኔ እስክፈታ ድረስ ማንም አልረገጠውም።