ባዶው የፓምፕ መቀመጫ

ሰውየውን ሰፈሩ «ሁለቴ» ነው የሚለው። ቀበቶ ታጥቆ በላዩ ገመድ ይጠመጥማል። የቤቱን ቁልፍ አንዱን ኪሱ ይይዛል፣ ሁለተኛውን የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ ከምትኖር እህቱ ዘንድ ያስቀምጣል። በር ቢቆለፍበት በነጋታው ቤቱ ይገባል ማለት ነው። ሚስቱ ጥላው የሄደች ጊዜ «ምነው በእሷ ላይ ሳይደርብባት ቀረ?» ብለው የሳቁ ነበሩ። ሳቁ ከማን ግቢ እንደወጣ ይታወቃል፤ ይቅር።

ሥራው ውሃ መግፋት ነው። ወንዙ ዳር ካለች አንዲት ክፍል፣ ዳገቱ ላይ ላለው ማዋለጃ ቤት። ሁለት ፓምፖች ነበሩት። አንዷ ስትሠራ ሌላዋ ታርፋለች፤ ሰኞ ሰኞ ይቀያየራሉ፣ ልክ እንደ ጣውንት። ያረፈችውን ዘይት እየቀባ «አይዞሽ፣ ተራሽ ይደርሳል» ይላት ነበር። ሠራተኛውም ሁለት ነበር፤ እሱና አንድ ተረበኛ ባልደረባው።

የጎዳው ምን መሰላችሁ? አንድም ቀን ውሃ አለመጥፋቱ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። አዲሱ አለቃ፣ ያ ሆዱ ቀድሞት በር የሚገባው፣ መጣና ያረፈችዋን ፓምፕ በጫማው መታ መታ አደረጋት።

«ይቺ ምን ትሠራለች?»

«ትጠብቃለች ጌታዬ። ያቺኛዋ ስትታመም ትተካታለች።»

«ታማ ታውቃለች?»

«እየተቀያየሩ ስለሚያርፉ አልታመመችም።»

«እንግዲያው ሥራ ፈት ናት።»

በጭነት መኪና አስወሰዳት። የቧንቧዋን አፍ በብረትና በጎማ ደፈኑት። ወር ሳይሞላ ባልደረባውንም በዚያው ሰበብ ወሰዱት። ተረበኛው ሲሰናበት «በል እንግዲህ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስምህ አንዴ ነው» አለው። ሁለቴ አልሳቀም። ባዶውን የሲሚንቶ መቀመጫ፣ አራት ብሎኖቹን ያይ ነበር።

ከዚያ እህቱ ታመመች። እናቱ ገና ጡት ሳይጥል ስትሞትበት፣ በአሥራ ሁለት ዓመቷ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ስልክ ደወለች። «ወንድምዬ፣ ዓይንህን አይቼ ልሂድ» አለችው።

ቢሮ ሄደ።

«ሦስት ቀን ብቻ ጌታዬ።»

«ማን ይተካሃል?»

«የሚተካኝንማ እርስዎ ወሰዱት።»

አለቃው ወረቀቱን አገላበጠ። «ብቻህን ስትሠራ እኮ ምንም አልጎደለም።»

ምን ያድርግ? ሐሙስ ጠዋት የማዋለጃውን ታንከር እስከ አፉ ሞላው። ሳይገፉለት አንድ ቀን ተኩል ይበቃል፤ ደርሶ፣ አይቷት፣ መመለሻ። ፓምፑን አጠፋና ማንንም ሳያስፈቅድ አውቶቡስ ተሳፈረ። ሁለት ሰዓት እንደተጓዘ አዋላጇ ደወለች።

«አንተ፣ ቧንቧው ደርቋል። ሁለት ሴቶች ምጥ ላይ ናቸው፣ እጄን የምታጠብበት የለኝም።»

ወዲያው ገባው። ያ የተደፈነው አፍ ለቋል፤ የታንከሩ ውሃ በዚያች በሌለችው ፓምፕ በኩል ወደ ወንዙ እየተመለሰ ነው። እዚያ እህቱ፣ እዚህ ምጥ። ወደ አንዱ የሚልከው ሰው የለውም። ሹፌሩን አስቁሞ ወረደ።

ጎማውን አጥብቆ ውሃው ዳገቱን ሲወጣ አሥር ሰዓት ሆነ። ሴቶቹ በሰላም ተገላገሉ፤ ውሃውን ማን እንደገፋላቸው አያውቁም። እህቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አርፋለች። አጠገቧ የነበረችው ጎረቤት በስልክ «በሩን በሩን ስታይ ነበር» አለችው። ይህንን ባትነግረው ምን ነበረበት? አንዳንዱ ሰው አፉ አያርፍም።

በሳምንቱ ከቢሮ ደብዳቤ መጣ። «የሐዘን ፈቃድ ሦስት ቀን ተፈቅዶልሃል። ተተኪ ስታገኝ ትሄዳለህ» ይላል። እንደ ልማዱ ሁለት ቅጂ አስነሳ። አንዱን ኪሱ ከተተ። ሁለተኛው ወረቀት ሁልጊዜ የሚቀመጠው እህቱ ዘንድ ነበር። ይዞት የፓምፕ ክፍሏን ሦስቴ ዞረ፣ ከዚያ ባዶው መቀመጫ ላይ፣ ከአራቱ ብሎኖች በአንዱ ሰካው።

ሰኞ ሲገባ ወረቀቱ ርሶ ነበር። ጎማው አሁንም ያንጠባጥባል።